ሃላቃና አትሌት፦ በጋሞ ምድር የአርአያነት ታሪክ

ሃላቃ በጋሞ ደጋ አንድን ሰው ለሌሎች ምሳሌ አድርጎ የማቆም የቆየ ሹመት ነው። ከአርባ በላይ ይሆናሉ የሚባሉት የጋሞ ዴሬዎች፣ ማለትም ትናንሽ አገሮች፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ወሰን፣ ካዎ የሚባል የራሳቸው ባላባት፣ የራሳቸው ዱቡሻ ነበራቸው። ካዎው ወንበሩን ከአባቱ ይወርሳል። ሃላቃውን ግን ጎረቤቶቹ ናቸው አይተው፣ መዝነው፣ ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ተነጋግረው የሚያወጡት። ዱቡሻ ሽማግሌዎች መርቀው የሚከፍቱት፣ ተናጋሪው ቆሞ ሌላው ተቀምጦ የሚያዳምጥበት የአደባባይ ሸንጎ ነው። ለሃላቃነት የሚታጨው ሰው በዚህ ሸንጎ ፊት ያደገ ነው፤ ከብቱን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ ብድሩን በወቅቱ ይመልስ አይመልስ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

በዶርዜ ይህ ምርጫ የሚያስቅ ገጽታ ነበረው። የተመረጠው ሰው ሹመቱን ሽቶ አይሮጥለትም፤ ይልቁንም ያመልጣል፣ ይደበቃል፣ ሀብት የለኝም ብሎ ይከራከራል፤ የዴሬው ሰዎችም ያዙኝ ልቀቁኝ እያለ ይይዙታል። ሮዳ ሃልፐሪንና ጁዲት ኦልምስቴድ በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ዶርዜ ባሳተሙት ጥናት ርዕሱን እንኳ ከዚሁ ነው የወሰዱት፦ ድግስ የሚያበላውን ሰው ስለ መያዝ። የሚሸሽበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሃላቃ የሆነ ሰው ለዴሬው ተከታታይ ድግስ ይደግሳል፤ ለዓመታት ያጠራቀመው ገብስ፣ ቅቤና የደለበ ከብት በጥቂት ወራት ያልቃል። ለሹመት ያበቃው ሀብት በሹመቱ ይሟጠጣል። ድግሱን ጨርሶ ሲወጣ በጎተራው የቀረው ጥቂት ነው፤ በዱቡሻ ግን ቃሉ ከበፊቱ ይልቅ ይሰማል።

የሃላቃነት ሁለተኛው ወጪ ከከብት ይከብድ ነበር። በዶኮ ዴሬ ላይ ሰፊ ጥናት ያደረገችው ዲና ፍሪማን በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ እንደምታሳየው ሃላቃው የዴሬው እረኛ ተደርጎ ይታያል። እረኛ እንደመሆኑ በሹመቱ ዘመን የሚጠብቃቸው ብዙ ክልከላዎች አሉ፤ ክልከላውን የጣሰ እንደሆነ ጎሜ ይሆናል። ጎሜ ከኃጢአት ጋር ቢመሳሰልም አንድ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ቅጣቱ አጥፊውን ብቻ አይፈልግም። ዝናብ ሊቀር፣ ሰብል ሊበላሽ፣ ከብት ሊታመም፣ የሰው ልጅ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሃላቃው ጠባይ የግል ጉዳዩ ሊሆን አይችልም ነበር። የግል ሕይወቴ ለእኔ ተዉልኝ የሚል ሃላቃ ቢኖር ዴሬው መልሱን የሚሰጠው የራሱን ማሳና የራሱን በረት እያሳየ ነው።

ይህን ሥርዓት ያለ ነቀፋ ማወደስ ግን ታሪክን ማጉደል ነው። ሸክላ የሚሠሩት ማናዎችና ቆዳ የሚፍቁት ደጋላዎች ሃላቃ ሊሆኑ ቀርቶ በዱቡሻ እንደ ሌላው ዜጋ ተቀምጠው ሊናገሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። ሴቶችም ለዚህ ሹመት አይታጩም። ያገባች ሴት ሶፌ በሚባለው ሥርዓት ጊዜ ተሸላልማ፣ በቅቤ ርሳ፣ ገበያውን እየዞረች በአደባባይ ትታያለች፤ ክብሯ በዚያ ቀን ደምቆ ይወጣል፤ ዴሬውን የመወከል ሸክም ግን የባሏና የወንድሞቿ ነው። አርአያነት የሚመዘንበት ሚዛን ጥብቅ ቢሆንም ሚዛኑ ላይ መውጣት የሚፈቀድለት የሕዝቡ ከፊል ብቻ ነበር።

በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የምኒልክ ጦር ጋሞን ከያዘ በኋላ ሃላቃው ባለሥልጣን መሆኑ ቀርቶ ግብርና ትእዛዝ ከሚያወርደው ሹም በታች ሆነ። የጋሞ ጎፋ ግዛት ዋና ከተማ ጨንቻ ላይ ነበር፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ የጋሞ ጎፋ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ዓእምሮ ሥላሴ አበበ ከተማውን ከደጋው አውርደው የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ከምታይ ቁልቁለት ላይ፣ ከአርባዎቹ ምንጮች በላይ አቆሙት። ሴቻ የተባለው ሰፈር ከላይ፣ ሲቀላ የተባለው ከታች ሆነው አርባ ምንጭ ተወለደች። በደርግ ዘመን የሃላቃ ሥርዓት ኋላ ቀር ልማድ ተብሎ ተገፋ፤ በየደጋው የተስፋፋው የፕሮቴስታንት እምነትም ተከታዮቹ ከድግሱና ከክልከላው እንዲርቁ አደረገ። በዶኮና በሌሎች ጥቂት ዴሬዎች ሹመቱ እስከ ቅርብ ዓመታት ዘልቋል። አዲሲቱ ከተማ ግን ከየዴሬው የመጡ ልጆችን አንድ ላይ ስትሰበስብ አንድም ሃላቃ አልነበራትም።

ያን ክፍተት ከሞሉት ነገሮች አንዱ ኳስ ነው። የከተማዋ ቡድን ለረጅም ጊዜ ሲጠራበት የቆየው ከነማ የሚለው ስም ከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሚለው የተቀነጨበ ነው፤ ደርግ የቀድሞ ክለቦችን አፍርሶ ስፖርትን በቀበሌ፣ በከፍተኛና በመሥሪያ ቤት ካደራጀበት ዘመን የቀረ ቃል ነው። በአርባ ምንጭ ከነማ ጎን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ነበር። በሸማ ሥራ የታወቀው የጋሞ ሕዝብ በመኪና የሚሸምን ፋብሪካ ሲገኝለት ፋብሪካው ደግሞ ኳስ ተጫዋች አወጣ። ከተማዋን በመላ አገሪቱ ያስጠራት ተከላካይ ደጉ ደበበ ነው፤ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት በጥር 2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል እርሱ ነበር። አርባ ምንጭ ከነማ፣ በኋላ አርባ ምንጭ ከተማ፣ በጫሞ አዞዎች ስም አዞዎቹ እየተባለ ፕሪሚየር ሊግ ገብቷል፣ ወርዷል፣ ተመልሷል። የከተማዋ የሴቶች ቡድንም በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። በሃላቃ ዘመን ክብሯ በአደባባይ የሚደምቀው በሶፌ ቀን የነበረው ሴት ዛሬ ቁጥር ለብሳ ከተማዋን ትወክላለች፤ ጎሳዋ ምን እንደሆነ የተሰላፊዎች ዝርዝር ላይ አይጻፍም። ይህ ከድሮው ሥርዓት የተሻለ መሆኑን ለመናገር ማመንታት አያስፈልግም።

ከጋሞ ውጪ፣ በመላ አገሪቱ፣ ስፖርተኛ ለሕዝብ አርአያ የሆነበት ቀን በትክክል ይታወቃል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ ባዶ እግሩን ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው፤ ከመጨረሻው መስመር እንዳለፈም ሣሩ ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ሁለቱም ድሎች የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ። ሆኖም የአበበን ምሳሌነት የሚያጸናው ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። በ1961 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ፤ ከዚያም በኖርዌይ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ተወዳደረ። በጥቅምት 1966 በ41 ዓመቱ ሲሞት ሰውየው ያሸነፈባቸው እግሮች ከከዱት አራት ዓመት አልፎ ነበር፤ ስሙ ግን አልከዳውም።

አበበ ደመወዝተኛ ወታደር ነበር፤ የሮጠበት ዘመን አማተር የሚባለው ሕግ ሯጭ በሩጫው ገንዘብ እንዳያገኝ የሚከለክልበት ነበር። የሹመት ዕድገት፣ የንጉሥ ስጦታ፣ የሕዝብ ፍቅር ነበረው፤ የሽልማት ገንዘብ ግን አልነበረም። ስለዚህ ለእርሱ ትውልድ የሃላቃው ጥያቄ፣ ማለትም ያገኘኸውን ለማን ትደግሳለህ የሚለው፣ ገና አልተነሣም። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን አትሌቶች ገቢያቸውን በአደራ ሒሳብ እንዲያስቀምጡ ፈቀደ። በነሐሴ 1985 ሽቱትጋርት ላይ የዓለም ሻምፒዮኖች መርሴዲስ መኪና ሲሸለሙ ከተሸላሚዎቹ አንዱ የ10 ሺህ ሜትሩ አሸናፊ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር፤ መኪናውን ሲረከብ መንዳት አያውቅም ነበር። የኢትዮጵያ ሩጫ ሙያ የሆነበትን ዘመን ለማስታወስ ከዚህ የበለጠ ምስል አይገኝም።

በዚሁ ዘመን መግቢያ ላይ ደራርቱ ቱሉ አለች። በነሐሴ 1984 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፋ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁለተኛ የወጣችው ኤላና ሜየር የደቡብ አፍሪካ ነጭ ሯጭ ነበረች፤ አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኦሊምፒክ ላይ አልታየችም ነበር። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ይድነቃቸው ተሰማ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት ዘመኑ ሙሉ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ከሜዳ ለማስወጣት እንደታገለ ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ያ ዙር ከወርቁ ያልተናነሰ ትርጉም ነበረው። ደራርቱ ከ17 ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ ማራቶን ከፊት ሆና ስትሮጥ ተፎካካሪዋ ፓውላ ራድክሊፍ ወደ ኋላ ስትቀር ዞር ብላ በርቺ ስትላት ታየች፤ ውድድሩንም በ37 ዓመቷ አሸነፈች። ተፎካካሪዋን ማበረታታት አንዲት ሰከንድ እንኳ አላስከፈላትም የሚል ካለ ሙያውን አያውቅም፤ በዚያ ደረጃ ዞር ብሎ ማየት ራሱ ዋጋ አለው።

የደራርቱ አገር በቆጂ ስለ አርአያነት ሌላ ነገር ታስተምራለች። ከዚያች የአርሲ ከተማና ከአካባቢዋ ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። ብዙዎቹን በልጅነታቸው ያሠለጠነው የአካባቢው ትምህርት ቤት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ነው። የቦታው ከፍታ ብዙ ጊዜ እንደ ምክንያት ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ከፍታ ብቻ ሯጭ ቢያወጣ ኖሮ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጉጌ ተራራ ያለበት የጋሞ ደጋ ከበቆጂ አያንስም ነበር። በቆጂ ያላት ትርፍ ጎረቤት ነው። ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ አሸናፊዋ ያደገችበትን ደጃፍ ታልፋለች፣ አጎቷን ታውቃለች፣ በዝናብ ስትሮጥ ያያት ሰው ይነግራታል። ሃላቃው በዴሬው ውስጥ የነበረው ጥቅም ይኸው ነው፤ ምሳሌው በቅርብ የሚታይና የሚመረመር ነበር።

የኃይሌ ትውልድ ገንዘብ ሲያገኝ የድግሱ ጥያቄ ተነሣ። በዘመኑ ቋንቋ ድግስ ማለት ሥራ መክፈት ሆነ። ኃይሌ በ1994 ታላቁን ሩጫ ጀመረ፤ በየዓመቱ አዲስ አበባ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚሮጥበት፣ አሸናፊውን የማያውቅ ሰው እንኳ ካናቴራውን ለብሶ የሚጨፍርበት በዓል ነው። ቀጥሎ በሐዋሳ፣ በሻሸመኔ፣ በዝዋይ፣ በጎንደርና በሌሎች ከተሞች ሆቴል ሠራ፤ አንደኛው አርባ ምንጭ ላይ ነው። ለሃላቃው ሀብቱ የሚከበርበት መንገድ በጥቂት ወራት ድግስ መበላቱ ነበር፤ ለሯጩ ደግሞ ሀብቱ ሳይበላ ቆሞ ደመወዝ መክፈሉ ነው። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ቢኖርም ሁለቱ የተነሡበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ክብር ያገኘ ሰው ለብቻው አይብላ።

የኳስ ተጫዋቹ ሁኔታ ከሯጩ ይለያል። ሯጭ ገንዘቡን የሚያገኘው ከውጭ ውድድርና ከጫማ ኩባንያ ነው። የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች ግን፣ በተለይ በከተማ አስተዳደር ክለብ ያለው፣ ደመወዙ በአብዛኛው ከከተማው በጀት ይመጣል። ያ በጀት መንገድና ውኃ የሚጠብቅ ሕዝብ ገንዘብ ነው። በ2011 የአገሪቱ ክለቦች የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲስማሙ ምክንያታቸው ይኸው የበጀት ጫና ነበር። እንግዲህ ድግሱ ተገለበጠ፤ ሃላቃው ዴሬውን ያበላ ነበር፣ ተጫዋቹን ዴሬው ያበላል። ተጫዋቹ በዚህ አይወቀስም፤ ሥራው ነው። ነገር ግን የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ፈርሞ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ውሉ ሲያልቅ የሚሄድ ወጣት ከሴቻ ልጆች ጋር የሚተዋወቀው በ90 ደቂቃ ውስጥ ብቻ ነው። ልጆቹ የሚያዩት ዳኛው ላይ ሲጮኽ ወይም የወደቀ ተጋጣሚውን ሲያነሣ ነው፤ ሌላውን አያዩም። ስለዚህ በሜዳ ላይ ያለው ጠባይ ሌላውን ሁሉ ተክቶ ይቆማል። ከክለቦች መካከል ታዳጊ ቡድን ይዘው የከተማውን ልጅ በከተማው ፊት የሚያሳድጉት ለዚህ ነው ከፍ ብለው የሚታዩት፤ አንድ የአካባቢ ልጅ ለዋናው ቡድን ሲሰለፍ በስታዲየሙ የሚሰማው ጩኸት ከጎል ጩኸት ይለያል።

ጎሜ ወደሚለው ሐሳብ የሚመልስ አንድ ጉዳይ ደግሞ አበረታች ቅመም ነው። በ2008 የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር በፀረ አበረታች ቅመም አሠራራቸው ደካማ ናቸው ካላቸው አምስት አገሮች ተራ አስቀመጣት። በዚያ ዝርዝር የገባው የአገር ስም ነው። መርፌ አይቶ የማያውቅ የበቆጂ ልጅ አሸንፎ ሲመለስ በጥርጣሬ ይታያል፤ ንጹሑ ሯጭ ከተጠርጣሪው ጋር እኩል ደሙን ይሰጣል። የአንዱ ጥፋት በሌላው ማሳ ላይ በረዶ ያወርዳል የሚለውን የጋሞ ሽማግሌዎች እምነት ለመረዳት ለተቸገረ ዘመናዊ አንባቢ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም። የስፖርተኛው የግል ሕይወት የግሉ ነው፤ የሚወስደው መድኃኒት ግን የግሉ አይደለም፤ ድንበሩ እዚያ ላይ ነው።

የስፖርተኛ ስም ምን ያህል እንደሚከላከልና እንደማይከላከልም በቅርብ ዓመታት ታይቷል። በሰኔ 2012 መጨረሻ በኦሮሚያ በተነሣው ሁከት በሻሸመኔና በዝዋይ የነበሩት የኃይሌ ሆቴሎች ተቃጠሉ። የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአካባቢው ሠራተኞች ደመወዝ፣ ለ20 ዓመታት የተገነባ ፍቅር በዚያች ሌሊት እሳት አላቆመም። ሰውየው ዞሮ መልሶ ወደ ግንባታ ገባ፤ ይህም ከሩጫው ያላነሰ ምሳሌ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2011፣ አርባ ምንጭ ራሷ በተመሳሳይ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ነበር። በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ ተገድለውና ተፈናቅለው ወሬው ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች በከተማዋ ባሉ የኦሮሞ ተወላጆችና ንብረታቸው ላይ ለመበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ሣር ተይዞ የተለመነን ነገር ረግጦ ማለፍ ጎሜ ነው። ወጣቶቹ ተመለሱ። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ ቅዳሜና እሑድ የአዞዎቹን ማልያ ለብሰው ስታዲየም የሚሄዱ፣ የኃይሌንና የደራርቱን ሩጫ በቴሌቪዥን እያዩ ያደጉ መሆናቸው አያጠራጥርም። በዚያ ቀን ግን ያቆማቸው በጉልበቱ የተንበረከከ፣ ልጅ ሆነው የሚያውቁት፣ የሰፈራቸው ሽማግሌ ነበር።